ለብረታ ብረት ወርክሾፕ ኢንሹራንስ አመራረጥ፦ ከማሽን ቆጠራ እስከ ካሳ ጥያቄ

ብዙ የወርክሾፕ ባለቤት ኢንሹራንስ የሚገባው ባንክ ስላስገደደው ነው። ባንኩ ለብድር መያዣ የሆነውን ማሽን ብቻ፣ በብድሩ ልክ፣ ከእሳት ያስጠብቃል። ውሉ ፋይል ውስጥ ይገባል፤ ባለቤቱም «ኢንሹራንስ አለኝ» ብሎ ይቀመጣል። በያጁ ዓይኑን ሲጎዳ፣ የተከለው የሮቶ ማቆሚያ ጎረቤት ግቢ ላይ ሲወድቅ፣ ለጥገና የገባ የደንበኛ መኪና ሲቃጠል ያ ውል አንድ ብር አያወጣም።

ይህ መመሪያ በርና መስኮት፣ አጥር፣ ትራስ (የጣሪያ ተሸካሚ ብረት)፣ ማቆሚያና ካሶኒ (የጭነት መኪና ሳጥን) ለሚሠራ፣ ከ5 እስከ 30 ሠራተኛ ላለው ወርክሾፕ ነው። «አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፈለው ዋጋ) ስንት ነው?» የሚለው ጥያቄ ከሁሉም መጨረሻ ይመጣል። ካሳ የሚቀረው አረቦኑ ስለረከሰ ወይም ስለተወደደ አይደለም፤ ሥራው በትክክል ሳይገለጽ ወይም ንብረቱ በዛሬ ዋጋ ሳይገመት ሲቀር ነው።

1. የሚሠሩትን ሥራ እንዳለ ይጻፉ

ወደ ኢንሹራንስ ቢሮ ከመሄድዎ በፊት ወርክሾፑ በተግባር የሚሠራውን ሁሉ በአንድ ገጽ ያስፍሩ። ከንግድ ፈቃድ ላይ መገልበጥ አይበቃም። ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«የብረት በር፣ መስኮት፣ አጥርና ትራስ ማምረት፤ በኤሌክትሪክ መበየድ፣ በኦክስጅንና በአሴቲሊን መቁረጥ፣ በግራይንደር መሞረድ፤ በኮምፕሬሰር ቀለም መርጨት፤ በደንበኛ ግቢና በግንባታ ቦታ እስከ 12 ሜትር ከፍታ መግጠም፤ የደንበኛ ተሽከርካሪ ካሶኒ መጠገን፤ 14 ቋሚ ሠራተኞችና እንደ ሥራው ብዛት እስከ 6 የቀን ሠራተኞች።»

እያንዳንዱ ሐረግ ሥራ አለው። «በደንበኛ ግቢ መግጠም» ካልተባለ ሽፋኑ ከወርክሾፑ አጥር ላይወጣ ይችላል። «ቀለም መርጨት» ካልተባለ፣ ከቲነር የተነሣ እሳት ያልተገለጸ ሥራ ያመጣው ነው የሚል ክርክር ይነሣል። የነዳጅ ቦቴ የሚበይዱ ከሆነ ደግሞ ለብቻው በግልጽ ይጻፉት። ባዶ የሚመስል ቦቴ ውስጥ የቀረ ትነት በአንድ ብልጭታ ይፈነዳል፤ ስለዚህ አንዳንድ ኢንሹራንስ ይህን ሥራ ጭራሽ አይቀበልም፣ አንዳንዱ አረቦን ጨምሮ ይቀበላል። ተደብቆ ከሚሸፈን በግልጽ ሳይሸፈን ቢቀር ይሻላል፤ ቢያንስ የሌለዎትን ያውቁታል።

በሥራ ላይ ያለው የ1952ቱ የንግድ ሕግ የመድን ክፍል ስለ አደጋው የሚያውቁትን ሁሉ እንዲያስታውቁ ያስገድዳል፤ ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተነገረ ነገር ውሉን ፈራሽ ያደርጋል። ችግሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከቅጹ አሞላል ነው። የሽያጭ ወኪሉ እየጠየቀ ራሱ ይሞላና «እዚህ ጋ ይፈርሙ» ይላል። አረቦኑን ለማውረድ «የብረታ ብረት ዕቃ መሸጫ» ብሎ የጻፈው ወኪሉ ቢሆንም ፊርማው የእርስዎ ነው፤ በኋላ የሚጠየቁትም እርስዎ ነዎት። ቅጹን በእጅዎ ይሙሉ፣ የማይመለከት ጥያቄ ላይ «የለም» ብለው ይጻፉ እንጂ ባዶ አይተዉ፣ ኮፒውን ከማስረከብዎ በፊት ያስቀሩ።

2. ንብረቱን ይቁጠሩ፣ በዛሬ ዋጋ ይገምቱ

አብዛኛው ገንዘብ የሚጠፋው እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። ሁለት ሰው ሆነው ከበር ጀምረው በግድግዳው ዙሪያ ይቁጠሩ፤ አንዱ ይጥራ፣ አንዱ ይጻፍ። ለእያንዳንዱ ማሽን ዓይነቱን፣ ሥሪቱን፣ ስም ሰሌዳው ላይ ያለውን ተከታታይ ቁጥር፣ አቅሙን (የብየዳ ማሽን ከሆነ አምፔሩን፣ ቶርኖ ከሆነ የአልጋውን ርዝመት፣ ማጠፊያና መቁረጫ ከሆነ የሚችለውን የላሜራ ውፍረት)፣ የተገዛበትን ዓመትና የዛሬ ዋጋውን ይመዝግቡ። ስም ሰሌዳውን በስልክ ፎቶ ያንሡ። ዝርዝሩን ከወርክሾፑ ውጭ ያስቀምጡ፤ ቢሮ ውስጥ ያለ ዝርዝር ከማሽኑ ጋር አብሮ ይቃጠላል።

ጥቃቅኑን አይናቁ። ግራይንደር፣ ድሪል፣ የብየዳ ኬብል፣ ሬጉሌተር፣ ቶርች፣ ሞርሳ፣ መሰላልና ስካፎልድ ተደምረው ከአንድ ትልቅ ማሽን ዋጋ ሊበልጡ ይችላሉ። ጥሬ ዕቃውን ማለትም ላሜራ፣ ቱቦላሬ፣ አንግል ብረት፣ ኤሌክትሮድና ቀለም ሲገምቱ ደግሞ ዛሬ ያለውን ሳይሆን በዓመቱ ውስጥ መጋዘኑ በጣም በሚሞላበት ጊዜ የሚኖረውን ይያዙ። ተሠርቶ ደንበኛ ያልወሰደው ዕቃ፣ ደንበኛ ራሱ ያመጣው ብረትና ለጥገና የገባ ተሽከርካሪ ለየብቻቸው ይመዝገቡ፤ ምክንያቱን ከታች እንመጣበታለን።

ዋጋው ላይ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው የግዢ ደረሰኙን በመጻፍ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከዚያ በፊት የተገዛ ከውጭ የመጣ ማሽንና ላሜራ በደረሰኙ ዋጋ ዛሬ ከተመዘገበ ከግማሽ በታች የተገመተ ሊሆን ይችላል። የዛሬውን ዋጋ ከሁለት አስመጪ በፕሮፎርማ ይውሰዱ፤ ጭነትና ተከላ ይጨምሩበት።

አሳንሶ መገመት የሚያስከትለውን በቁጥር እንይ። የወርክሾፑ ማሽንና ዕቃ በዛሬ ዋጋ 4,800,000 ብር ያወጣል እንበል፤ ውሉ ላይ የተጻፈው 2,400,000 ነው። እሳት ተነሥቶ የ900,000 ብር ንብረት አጠፋ። ባለቤቱ «900,000 ከ2,400,000 በታች ስለሆነ ሙሉውን ይከፍሉኛል» ብሎ ያስባል። አይከፍሉትም። አቬሬጅ በሚባለው ደንብ ንብረቱ በግማሽ ዋጋው ስለተመዘገበ ጉዳቱም በግማሽ ይከፈላል፤ 450,000 ብር ማለት ነው። ውሉ ከሚከፈለው ላይ 10 በመቶ ተቀናሽ (ባለቤቱ ራሱ የሚሸከመው ድርሻ) ካለው የሚደርሰው 405,000 ይሆናል። ለስሌት ያህል የእሳት አረቦኑ ከሺህ 3 ብር ቢሆን፣ አሳንሶ በመጻፍ በዓመት የተቆጠበው 7,200 ብር ብቻ ነበር።

አብዝቶ መገመትም አይጠቅምም። መድን የጠፋውን መተካት እንጂ ማትረፊያ ስላልሆነ ከእውነተኛው ዋጋ በላይ አይከፈልም፤ የከፈሉት ትርፍ አረቦን ብቻ ይቀራል።

አንድ ነገር ይጠይቁ፦ ግምቱ በአሮጌ ዋጋ ነው ወይስ በአዲስ መተኪያ? በተለመደው ውል የ10 ዓመት ቶርኖ ሲቃጠል እርጅናው ተቀንሶ ይከፈላል፤ በዚያ ገንዘብ አዲስ አይገዙም። በአዲስ የመተካት አንቀጽ በተጨማሪ ይገዛል፤ እሱን ከወሰዱ ግን የሚመዘግቡት ዋጋም የአዲሱ መሆን አለበት። አንቀጹን ገዝቶ በአሮጌ ዋጋ መመዝገብ አቬሬጅ ውስጥ በራስ እግር መግባት ነው።

3. ሽፋኖቹን በቅደም ተከተል ይምረጡ

ገንዘብ ካጠረ ሁሉንም በአንድ ዓመት አይገዙም። ቅደም ተከተሉ ወርክሾፑን ሊያዘጋ ከሚችለው ይጀምር።

የሠራተኞች ጉዳት ካሳ። ከዚህ መጀመር አለበት፣ ምክንያቱም ዕዳው ገደብ የለሽ ሊመስል ይችላል። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሠራተኛው በሥራ ላይ ሲጎዳ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው፤ የሚያመልጠው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ሲጎዳ ወይም ሰክሮ እንደመሥራት ባሉ ጥቂት ሁኔታዎች ብቻ ነው። በወር 8,000 ብር የሚያገኝ በያጅ ለአንድ ዓመት ከሥራ ቢቀር፣ የመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ (24,000)፣ ቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ (18,000)፣ የቀሩት 6 ወራት 50 በመቶ (24,000)፣ ድምሩ 66,000 ብር ከሕክምናው ሌላ ይከፈላል። ጉዳቱ ዘላቂና ሙሉ ከሆነ የዓመት ደመወዙ አምስት እጥፍ፣ ማለትም 480,000 ብር ነው።

«ለጡረታ 11 በመቶ እየከፈልኩ ነው» የሚል መልስ በየወርክሾፑ ይሰማል። የጡረታ መዋጮው ሕክምናውንና ሠራተኛው ተኝቶ ሳለ የሚከፈለውን ደመወዝ ከአሠሪው ላይ አያነሣም።

ይህን ሽፋን ሲገዙ አራት ነገር ያጣሩ። አረቦኑ የሚሰላው በዓመት በሚከፈል ጠቅላላ ደመወዝ ስለሆነ የቀን ሠራተኛው፣ በቁርጥ የሚከፈለው፣ ተለማማጁና የትርፍ ሰዓት ክፍያው መካተቱን ይመልከቱ፤ በ5,000 ደመወዝ የተመዘገበ የ8,000 ሠራተኛ ካሳው የሚሰላው በ5,000 ነው፣ ልዩነቱን የሚሞላው አሠሪው ነው። የሕክምናው ጣሪያ ስንት እንደሆነ ለይተው ይጠይቁ፤ የተቆረጠ ጣት ወይም ብረት የገባበት ዓይን በግል ሆስፒታል ሲታከም ጣሪያውን ቶሎ ይነካል። ከወርክሾፑ ውጭ በሚገጠምበት ቦታ ይሠራ እንደሆነ፣ እንዲሁም በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ይጨምር እንደሆነ ያረጋግጡ። የቡድን የግል አደጋ ዋስትና የሚባለው ርካሽ ስለሆነ በምትኩ ይሸጣል፤ የተወሰነ ገንዘብ ይከፍላል እንጂ የአሠሪውን የሕግ ዕዳ አይተካም።

እሳትና ተጓዳኝ አደጋዎች። ስሙ «እሳትና መብረቅ» ነው፤ የሚሸፍነውም በአብዛኛው ስሙን ያህል ነው። ለብረታ ብረት ቤት በተጨማሪ መገዛት ያለባቸው ሦስት ናቸው። የመጀመሪያው ፍንዳታ ነው፦ መደበኛው ውል ብዙውን ጊዜ የሚቀበለው የቤት ውስጥ ጋዝና ቦይለር ፍንዳታን ነው፤ የአሴቲሊን ሲሊንደር የቤት ውስጥ ጋዝ አይደለም። ሁለተኛው ጎርፍና የመሬት መንቀጥቀጥ ነው፤ በ2017 መጀመሪያ ወራት የአዋሽ ፈንታሌ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። ሦስተኛው ሁከትና የፖለቲካ ግጭት ሲሆን ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ውል ሆኖ ይሸጣል።

እሳቱ ከጎረቤት ቢመጣም የእርስዎ ንብረት ይሸፈናል። በጥቅምት 2017 መርካቶ ሸማ ተራ እንደታየው ተጠጋግተው በተሠሩ ሱቆች መሐል እሳት የባለቤት ወሰን አያውቅም። ግልባጩ ግን አይሠራም፤ የእርስዎ ብልጭታ የጎረቤቱን ሱቅ ቢያቃጥል ያንን የሚከፍለው የእሳት ውሉ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ነው።

ለሦስተኛ ወገን ኃላፊነት። በብረታ ብረት ሥራ ብዙ ቀዳዳ ያለው እዚህ ነው፤ «የሕዝብ ኃላፊነት» የሚል ርዕስ አይቶ ሁሉ ተሸፍኗል ማለት አይቻልም። አራቱን ቀዳዳዎች አንድ በአንድ ይድፈኑ።

አንደኛ፣ ከወርክሾፑ ውጭ። ትራስ ሲሰቀል ሠራተኛው የጣለው አንግል ብረት መንገደኛ ቢመታ ሽፋኑ እንዲሠራ ውሉ «በኢትዮጵያ ውስጥ በሚሠራበት ቦታ ሁሉ» የሚል መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ በእጅዎ ያለ የሰው ንብረት። የኃላፊነት ውሎች በመድን ገቢው ጥበቃ ሥር ያለን ወይም እየተሠራበት ያለን ንብረት በተለምዶ ያገልላሉ። ካሶኒው ሲበየድ የተቃጠለው የደንበኛ አይሱዙ በእሳት ውሉም አይሸፈንም፣ ምክንያቱም የእርስዎ አይደለም። መፍትሔው በእሳት ውሉ ላይ «በአደራ የተያዘ የሌላ ሰው ንብረት» የሚል መስመር ከነዋጋው ማስገባት፣ በኃላፊነት ውሉ ላይ ደግሞ የጥበቃ ሥር ንብረት አንቀጽ መግዛት ነው።

ሦስተኛ፣ ካስረከቡ በኋላ። 5,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውኃው ብቻ 5 ቶን ይመዝናል። የማቆሚያው እግር ብየዳ ከስድስት ወር በኋላ ቢለቅ አደጋው የደረሰው እርስዎ በሌሉበት፣ ባስረከቡት ዕቃ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ለሽያጭ ዕቃ የሚሠራ ሰው ዕቃው በአግባቡ ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ ያደርገዋል። ይህን የሚሸፍነው የምርት ኃላፊነት ነው፤ ለብቻው ወይም በተቀጽላ (ከውሉ ጋር በሚያያዝ ተጨማሪ ወረቀት) ይገዛል። ማቆሚያውን ራሱን እንደገና መሥሪያ ግን አይከፍልም፤ የመጥፎ ብየዳ ወጪ የበያጁ ነው።

አራተኛ፣ የተከራዩት ሸድ። ሕንፃው የመንግሥት ወይም የግለሰብ ከሆነ በእርስዎ ጥፋት ሲቃጠል አከራዩ ይጠይቅዎታል። የኪራይ ውሉን ያንብቡ፤ መድን የመግባት ግዴታው በማን ላይ እንደሆነ ይለዩና የተከራይ ኃላፊነት ያስጨምሩ።

የማሽን ብልሽት። መብራት ሄዶ በኃይለኛ ቮልት ሲመለስ የተቃጠለ ኢንቨርተር ወይም የሲኤንሲ ፕላዝማ ቦርድ «ተቃጠለ» ቢባልም የእሳት ውል አይከፍለውም፤ መሣሪያው በራሱ ኤሌክትሪክ የደረሰበት ጉዳት ተገልሏል። እሳቱ ከዚያ ተስፋፍቶ ሌላውን ካቃጠለ ያ ሌላው ይከፈላል። ለውድ ማሽን የማሽን ብልሽት ሽፋን ይግዙ፤ ለ200 አምፔር ትንሽ የብየዳ ማሽን ግን ከአረቦኑ የቮልቴጅ መጠበቂያ ይሻላል፣ ተቀናሹ ብቻ የማሽኑን ዋጋ ሊበላው ይችላልና።

ሌብነት። ውሉ የሚከፍለው በር ወይም ግድግዳ ተሰብሮ ሲገባ ነው፤ የመስበር ምልክት ይፈለጋል። ቀን ላይ ተሸሽጎ የወጣ ግራይንደርና በሠራተኛ የተወሰደ ኬብል እዚህ አይገባም፤ ለሁለተኛው የእምነት ማጉደል ዋስትና የሚባል አለ።

ለተከላ፣ ለጭነትና ለዋስትና። ትልቅ የሸድ ወይም የትራስ ሥራ ሲይዙ ለዚያ ሥራ ብቻ የሚቆይ የተከላ አደጋዎች ሁሉ ሽፋን ይወሰዳል። የወርክሾፑ መኪና የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው፤ የተጫነውን በርና መስኮት ግን አይመለከትም። ለጨረታ የሚጠየቀው የመልካም ሥራ አፈጻጸም ዋስትና ከኢንሹራንስ ቢገዛም ለእርስዎ መድን አይደለም፤ ኢንሹራንሱ ለአሠሪው መሥሪያ ቤት ከከፈለ በኋላ ወደ እርስዎና ወደ መያዣዎ ይመለሳል።

የሥራ መቋረጥ። እሳቱ ማሽኑን ሲያጠፋ ኪራይ፣ ደመወዝና የባንክ ወለድ አይቆሙም። ይህን የሚከፍለው ሽፋን ጥሩ ነው፤ ግን የሒሳብ መዝገብ ለማይዝ ወርክሾፕ አረቦን ማባከን ይሆናል፣ ትርፉን ማስረዳት ስለማይችል። መዝገብ ካለዎት የካሳውን ጊዜ ከ12 ወር አያሳንሱት፤ ከውጭ የሚመጣ ማሽን ታዝዞ፣ ተጓጉዞና ተተክሎ ሥራ እስኪጀምር ወራት ይፈጃል።

4. ከሰርቬየሩ በፊት ወርክሾፑን ይመልከቱ

ሰርቬየሩ፣ ማለትም ኢንሹራንሱ ወርክሾፑን እንዲያይ የሚልከው ባለሙያ፣ የሚያየው ነገር አረቦኑንም በውሉ ላይ የሚገቡትን ግዴታዎችም ይወስናል። የመጀመሪያው ዓይኑ የሚያርፈው ብልጭታና ቲነር በሚገናኙበት ቦታ ነው። የግራይንደር ብልጭታ ሩቅ ይሄዳል፤ በዓለም አቀፍ የእሳት ደረጃዎች ከብየዳና ቆረጣ ዙሪያ 11 ሜትር ድረስ ተቀጣጣይ ነገር እንዳይኖር፣ የማይነሣ ካለም እሳት በማይበላው እንዲሸፈን ይጠየቃል። በጠባብ ሸድ 11 ሜትር የለም፤ ስለዚህ ቀለምና ቲነር በብረት ቁም ሣጥን፣ ቀለም መቀባቱም በተከለለ ክፍል ወይም በሌላ ሰዓት ይሁን። የቲነር ጨርቅ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ይጣልና በየምሽቱ ይውጣ።

የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደሮች በመጋዘን ውስጥ ቢያንስ 6 ሜትር ይራራቁ፣ ወይም በመካከላቸው 1.5 ሜትር ከፍታ ያለው እሳት የሚችል ግድግዳ ይኑር። አሴቲሊን ሁልጊዜ ቆሞ፣ በሰንሰለት ታስሮ ይቀመጥ፤ በቶርቹና በሬጉሌተሩ ላይ እሳት ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ መሣሪያ ይኑር። ማጥፊያው ደረቅ ዱቄት፣ በየጣቢያው ሲሆን የዓመቱ ምርመራ ካርድ የተንጠለጠለበት ይሁን።

ውሉ ውስጥ «ዋራንቲ» በሚል የሚገባውን ግዴታ ልብ ይበሉ። የተለመደው ከሥራ በኋላ ቢያንስ ለአንድ ሰዓት ቦታውን መጠበቅ ነው፤ ብዙ እሳት የሚነሣው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ስለሆነ ነው። 11፡30 ላይ የሚዘጋ ወርክሾፕ የመጨረሻውን ብልጭታ 10፡30 ላይ ያቁም። ይህ የሚጣሰው ቀን ሙሉ መብራት ጠፍቶ አመሻሽ ላይ ሲመጣ፣ የተወዘፈውን ለመድረስ እስከ ምሽት ሲበየድና በር ወዲያው ሲቆለፍ ነው። ግዴታውን የማይጠብቁት ከሆነ ሳይፈርሙ በፊት እንዲሻሻል ይደራደሩ፤ ጥበቃው ዞሮ የሚፈርምበት አንድ ደብተር በኋላ እንደ ማስረጃ ይቆጠራል።

5. ሦስት ዋጋ በአንድ ዓይነት ወረቀት ይጠይቁ

የሥራ መግለጫውንና የንብረት ዝርዝሩን ሳይለውጡ ለሦስት ኢንሹራንስ ይስጡ። የሽያጭ ወኪል የኢንሹራንሱ ሰው ነው፤ ብሮከር ወይም የመድን ደላላ የሚባለው ግን የገዢው ወኪል ነው። ሁለቱም የብሔራዊ ባንክ ፈቃድ ያስፈልጋቸዋል፤ ያሳዩዎት። ከ15 በላይ ሠራተኛ ካለዎት ወይም የተከላ ሥራ ከሚበዛበት ቤት ከሆኑ ጥሩ ብሮከር ድካሙን ይቀንሳል።

መልሶቹ ሲመጡ የሚነጻጸሩት ከታች ባለው ድምር አይደለም። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ተቀናሹን፣ የኃላፊነት ጣሪያውን (በአንድ አደጋና በዓመት)፣ የተጨመሩትን አደጋዎች፣ ዋራንቲዎቹን፣ ታክስና ሌላ ክፍያ ያካተተውን ጠቅላላ አረቦን ጎን ለጎን ይጻፉ። 20 በመቶ የረከሰው ዋጋ ብዙ ጊዜ የፍንዳታ ወይም ከወርክሾፕ ውጭ የሚለው መስመር የጎደለው ነው። ተቀናሹ ላይ «10 በመቶ ወይም 20,000 ብር፣ ከሁለቱ የበለጠው» የሚል ቢጻፍ ከ20,000 በታች ያለ ጉዳት ሁሉ የራስዎ ነው። የቃል ተስፋ ከሆነ በደብዳቤ ወይም በተቀጽላ ያስጽፉት።

6. ውሉ ሲደርስ

አረቦኑ ሳይከፈል ሽፋን ይጀምራል ብለው አይመኑ፤ ደረሰኙን ይያዙ። ውሉን ተቀብለው የሚያጣሩት፦ የወርክሾፑ ትክክለኛ አድራሻ (ሁለተኛ መጋዘን ካለም)፣ የሥራው መግለጫ ከሰጡት ጋር ቃል በቃል መስማማቱ፣ የንብረት ዝርዝሩ መያያዙ፣ ባንክ ተጠቃሚ ሆኖ ከተመዘገበ በብድሩ ልክ ብቻ መሆኑ። ስህተት ካለ በዚያው ሳምንት በደብዳቤ ያሳውቁ።

በዓመቱ መካከል አዲስ ማሽን ሲገዙ፣ ሸድ ሲቀይሩ፣ ቀለም መርጨት ሲጀምሩ፣ የሠራተኛ ቁጥር ሲያድግ ያስታውቁ። የላሜራ ዋጋ ሲዘል ዓመቱ እስኪያልቅ አይጠብቁ፤ የተመዘገበው መጠን ለቀሪው ጊዜ ተጨማሪ አረቦን ተከፍሎ ይስተካከላል።

7. አደጋ ሲደርስ

ሰው ከዳነ በኋላ አዲስ አበባ ከሆኑ እሳትና አደጋን በ939 ይጥሩ፤ ፖሊስም ያስመዝግቡ። የሁለቱም ደብዳቤ በኋላ ይጠየቃል። የንግድ ሕጉ አደጋውን ካወቁ በ5 ቀን ውስጥ ለኢንሹራንሱ እንዲያሳውቁ ይጠይቃል፤ ውሉ ከዚያ ያጠረ ጊዜ ሊያስቀምጥ ስለሚችል በዚያው ቀን ይደውሉና በማግሥቱ ደብዳቤ አስገብተው ኮፒው ላይ ማኅተም ያስመቱ።

የተቃጠለውን ብረት አይንኩ። ለብረት ሠራተኛ ፍርስራሽ ማለት ገንዘብ ስለሆነ ምን አለሽ ተራ ለመላክ እጅ ያሳክካል፤ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ሳያየው የተሸጠ ማሽን ግን እንደሌለ ይቆጠራል። ዝናብ እንዳይገባ መሸፈንና የተረፈውን ማዳን ግዴታዎ ነው፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ፎቶ ያንሡ።

በሰው ላይ ጉዳት ከደረሰ ባህላችን ሽማግሌ ይልካል። መታከሚያ ማድረስና ማስታመም ነውር የለውም። ነገር ግን ኢንሹራንሱ ሳያውቅ «ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ይህን ያህል እከፍላለሁ» ብሎ መፈራረም የኃላፊነት ውሉን ያበላሻል፤ ውሎቹ ያለፈቃዳቸው የተደረገ እርቅን አይቀበሉም። ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት ቀን የኢንሹራንሱን ሰው ያስጠሩ ወይም የጽሑፍ ፈቃዱን አስቀድመው ይውሰዱ።

ገማቹ ሲመጣ የቆጠራውን ዝርዝር፣ ፎቶውን፣ ፕሮፎርማውንና የደመወዝ መክፈያውን ይስጡ። የመጨረሻ ክፍያ ሲቀርብ የሚፈረመው ማሰናበቻ ቅጽ «ከእንግዲህ ምንም አልጠይቅም» የሚል ስለሆነ፣ ቀሪ ክርክር ካለዎት ሳይፈርሙ በፊት ስሌቱን በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አቬሬጅ በስንት ዋጋ እንደተሰላ፣ እርጅና ስንት እንደተቀነሰ ይዩ። ካልተስማሙ ቅሬታው ለብሔራዊ ባንክ የመድን ተቆጣጣሪ ክፍል ይቀርባል፤ ፍርድ ቤት ለመሄድ ግን በንግድ ሕጉ የይርጋው (መክሰስ የሚቻልበት) ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ «እየተነጋገርን ነው» እያሉ እንዳያልፍዎ።